ጠብ የማይለው ፋብሪካ

ስለ ወረቀት ፋብሪካው የጻፍሁትን አቤቱታ በወረቀት ላይ መጻፍ አልወደድሁም፤ ተከሳሹን ምስክር አድርጎ መጥራት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ የፍየል ብራና ወጥሬ፣ ቀለም በጥብጬ፣ የመቃ ብዕሬን ቀርጬ በቁም ጽሕፈት አንድ ገጽ ጻፍሁ። በዚያ ገጽ ላይ ካሉት ቃላት መካከል ሐሰት የነበረችው አንዲት ብቻ ናት። አርባ ሁለት የሽንኩርት ማሳ በውኃ ጥም ያስጨነቀችው እርስዋው ናት።

ፋብሪካው ከሸዋ ሮቢት ከተማ በታች ከተተከለ አምስት ዓመቱ ነው። የማሽላ አገዳና አሮጌ ወረቀት ቀቅሎ፣ አላቁጦ ካርቶን ይሠራል። ውኃውን ከሮቢ ወንዝ ከላይ ጠልፎ ይወስዳል፤ ከተጠቀመበት በኋላ አተላ የመሰለውን በአንድ ቦይ ይለቀዋል። ቦዩ የእኛን ማሳ ራስ ራሱን ይዞ ይወርድና፣ ታቦታቱ ለጥምቀት ከሚያድሩበት መስክ በላይ ተመልሶ ከወንዙ ይገባል። በአምናው ጥምቀት ወረብ ስንወርብ ጠረኑ ጉሮሮአችንን ያዘን። ከእኛ በታች ያሉት ሙስሊም ወገኖቻችንም ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚያጎነብሱበት ውኃ ቀለሙ ቢለወጥባቸው አዝነው ነበር። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ነገር ተስማሙ። አቤቱታውን እኔ መሪጌታ ወልደማርያም ጻፍሁ፤ ከእኔ ጋር በሽምግልና የቆመው የውኃ አባታችን አብዱልሃዲ ነበር።

የውኃ አባት ማለት ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች መርጠው የሚሾሙት፣ ውኃ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚወስን ሽማግሌ ነው። እርሱ ያወጣውን ተራ ዳኛም አይሽረውም። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ቦይ ሲጠረግ ቀድሞ አካፋውን ያነሣ ቀድሞ ያጠጣል። ሀብታም፣ ድኃ፣ መሪጌታ ብሎ አይለይም።

ብራናዬን ጠቅልለን ከገበሬው ሁሉ ጋር ፋብሪካው ቅጥር ግቢ ስንደርስ የተቀበለችን የውኃው ክፍል ኃላፊ የሆነች መሐንዲስ ነበረች፤ ሜሮን ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። በማንጎው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር አስወጥታ አስቀመጠችን። እጅ ነሥታ አዳመጠችና እንዲህ አለች፦

«አባቶቼ፣ ውኃውን ሳንለቅ መልሰን መላልሰን ልንጠቀምበት እንችላለን። ግን የዋጋውን ነገር ልንገራችሁ። ውኃ አንድ ጊዜ አልፎ ሲወጣ ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል። መልሰን ስናስገባው ቆሻሻው እዚያው ይከማቻል፤ ይወፍራል፤ ይገማል። ያንን ለማጥራት፣ ለመግፋት፣ እንደገና ለማሞቅ ሌላ ሞተር፣ ሌላ መብራት ይፈልጋል። በውኃ የቆጠብነውን በመብራት እናወጣዋለን።»

«ልጄ፣» አልሁ፣ «ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ‹እሳትንና ውኃን አቅርቤልሃለሁ፤ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ› ተብሎ ተጽፏል። አንቺ እጅሽን ወደ ውኃው ስደጂ።»

ቃሉ ለሰው ነፃ ፈቃድ የተነገረ እንጂ ለካርቶን ሥራ የተነገረ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጭብጨባም ትርጓሜን ያሳጥራል።

ሜሮን ደብተርዋን ገለጠች። «እሺ። ቦዩን ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ከዚህ ቦይ ውኃ የሚጠቀም ሰው አለ?»

ሁላችንም ቀና ብለን ማንጎውን አየን።

እውነቱ ይህ ነበር። አርባ ሁለታችንም ሽንኩርታችንን የምናጠጣው ከዚያ ቦይ ነበር። ያ አተላ መሳይ ውኃ፣ ቀለሙ አይታይ እንጂ፣ ከላይ ወደ ማሳችን በገዛ እግሩ ይወርድልን ነበር። ሽንኩርቱም የሕፃን ራስ ያህላል። የካራቆሬና የአጣዬ ነጋዴዎች እየመጡ ሲጭኑ «ከምን ውኃ ነው?» ቢሉን «ከሮቢ» እንላቸዋለን። ረክሷል ብለን ልንከስ በመጣንበት ውኃ ሽንኩርት እናበቅላለን ብሎ የሚናገር ማን ነው?

«ማንም አይጠቀምም?» አለች ሁለተኛ።

ከኋላ የተቀመጠች ዙልፋ የምትባል፣ ባልዋ የሞተባት፣ ማሳዋን በገዛ እጅዋ የምታርስ ሴት «እኛ እኮ…» ብላ ጀመረች። እኔ ሳልሁ። ብርቱ ሳል ነበር። አብዱልሃዲም ዞር ብሎ «ዙልፋ፣ ልጅሽ እያለቀሰ መሰለኝ» አላት።

«የማን ልጅ? የኔ ልጅ ሚስት አግብቶ ማጀቴ ከተማ ነው ያለው!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ በሳቁም ውስጥ የጀመረችው ነገር ጠፋ።

«እንግዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅና ልጻፈው፤» አለች ሜሮን። «ተጠቃሚ አለ ወይስ የለም?»

አብዱልሃዲ ብልህ ነው። «እሱን አላህ ያውቃል» አለ። ይህ ሐሰት አይደለም። ፊቱን ግን ወደ እኔ መለሰ፤ ሕዝቡም ሁሉ ወደ እኔ መለሰ። እኔም ብራናዬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በግርጌው በተረፈው ስፍራ፣ «ከዚህም ቦይ የሚጠቀም ሰው የለም» ብዬ በመልካም ፊደል ጨመርሁበት።

ሥራው ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ጥር ላይ ተመረቀ። በበሩ ላይ «ጠብ የማይል ፋብሪካ» የሚል ሰሌዳ በትልልቅ ፊደል ተሰቀለ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ እንግዳ መጣ፤ እኔም በነጭ ኩታ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጥሁ። ብራናዬን በመስተዋት አስገብተው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። ከሳሽ የጻፈው ክስ የተከሳሹ ሽልማት ሆኖ ሲሰቀል አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ነገሩ ግርማ እንጂ ሌላ መስሎ አልታየኝም። በዚያው ሳምንት በተከበረው ጥምቀትም ወንዙ ሞልቶ፣ ጠርቶ፣ ጠረኑ ጠፍቶ አደረ። ሰዎች እጄን ሳሙኝ።

ከዚያ ቦዩ ደረቀ።

በመጀመሪያ አልተጨነቅንም፤ ወንዙ ሞልቷልና። ነገር ግን ሮቢ በእኛ ማሳ በኩል ሲያልፍ ከመሬታችን አሥር ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ቦዩ ከላይ ይወርድልን የነበረውን፣ ወንዙ ከታች ሆኖ ኑና ውሰዱ ይለናል። ማኅበራችን አንድ በመብራት የሚሠራ ፓምፕ አለው። ፓምፑን ስንከፍት እንደ ንብ እምም ይላል እንጂ ውኃ አይተፋም። መብራት የሚያውቅ ሰው ጠርተን አስመረመርን። «ፓምፓችሁ ደኅና ነው፤ መስመሩ ነው የደከመ። ፋብሪካው ውኃውን የሚያመላልስባቸው አዳዲስ ሞተሮች ጉልበቱን ወስደውታል፤» አለን። እጅሽን ወደ ውኃው ስደጂ ያልኋት ልጅ ታዘዘችኝ፤ እሳቱን ሁሉ ደግሞ ውኃውን ለማዳን አውላዋለች። ወንዛችን ሞልቶ ሽንኩርታችን ተጠማ።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እኔና አብዱልሃዲ ከደረቀው ቦይ ጫፍ ላይ ቆመናል። ፀሐይዋ ከላይ ስትወርድ የቆላ ፀሐይ ናት፤ ጾመኛ አትምርም። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ መቅላት ጀምሯል፤ ራሱ ገና መቋጠሩ ነው።

«መሪጌታ፣ ይህ ሽንኩርት ስምንት ቀን አይቆይም፤» አለኝ።

«ይቆይ ይሆናል።»

«አንቱ የሚያውቁት ድጓ ነው። ሽንኩርት እኔ ነኝ የማውቀው። እንሂድና እንናገር።»

«ማን ይናገር?»

«የዋሸው።»

«እርስዎም ነበሩ እኮ።»

«እኔ ‹አላህ ያውቃል› ነው ያልሁት። ዐውቆም ነበር፤ ይኸው።»

«ጾም ላይ ነኝ፤» አልሁት። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን።»

«እኔስ ምን ላይ ነኝ? ምራቄን እንኳ ፈርቼ ነው የምውጥ። መሪጌታ፣ ውሸቱን በጾም ቀን ተናግረው ጾምዎ አልተፈታም። እውነቱ ነው የሚያስፈታዎ?»

በዚህ መካከል ዙልፋ ከወንዙ ገደል ወጣች። በጀርባዋ ጀሪካን አዝላለች፤ በቀን ሃያ ጊዜ ትመላለሳለች ይባል ነበር። ማሳዋ ጫፍ አውርዳ፣ በጣሳ እየቀዳች ለእያንዳንዱ ሽንኩርት እግር እግሩን ታፈስስለት ጀመር። እኛን ያላየች መስላ ለሽንኩርቱ ታወራለች፦

«ጠጡ ልጆቼ። እናንተ እንኳ ጾም የለባችሁ። አባቶቻችሁ ማሳል ብቻ ነው የሚያውቁ።»

ከዚያ ቀና አለች። «መሪጌታ፣ ዛሬስ ጉሮሮዎ ተሻለዎት?»

ከዚህ በኋላ መንገድ መጀመር እንጂ ሌላ አማራጭ አልቀረኝም። ሦስታችንም ሄድን።

ሜሮንን ያገኘናት በአዳራሹ፣ ከብራናዬ ሥር ባለ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልብስዋ ዘይት ነክቶታል፤ ዓይንዋ እንቅልፍ አጥቷል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሞተር እንደተቃጠለባት፣ ውኃው እየወፈረ ካርቶኑ ላይ ነጠብጣብ እንደሚጥል፣ አረፋው ደግሞ ጋን ሞልቶ እንደሚወርድ ነገረችን። በሽምግልና ልናጽናናት የመጣን መስሏት ነበር።

እኔ ግን ወደ ግድግዳው ተመለከትሁ። «ልጄ፣ ያን ብራና ከመስተዋቱ አውጥተሽ ለጥቂት ጊዜ ስጪኝ። ሰንጢዬን ይዣለሁ።»

«ለምን?»

«የብራና መልካምነቱ መፋቁ ነው። ጸሐፊ ስሕተት ባገኘ ጊዜ በሰንጢ ፍቆ ማረም ከጥንት የነበረ ወጋችን ነው። አንዲት ቃል ነው የምፍቅ።»

«የትኛዋን ቃል?»

«‹የለም› የምትለዋን።»

ብራናውን አየች፤ እኔን አየች፤ አብዱልሃዲን አየች። አብዱልሃዲ ጣራውን ያይ ነበር።

«መሪጌታ፣ ይህን ፎቶ ኮፒ አድርገን ለስምንት መሥሪያ ቤት ልከነዋል። ፎቶ ኮፒ አይፋቅም።» ድምፅዋ ዝግ አለ። «ስንት ናችሁ?»

«አርባ ሁለት፤» አለች ዙልፋ፣ ከእኔ ቀድማ።

«አርባ ሁለት! እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ጠይቄያችኋለሁ!»

ዶሮ አልጮኸም እንጂ በእርግጥ ሦስት ጊዜ ጠይቃን ነበር። ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሜሮን ልትቆጣ ተነሣች፤ ነገር ግን ሳቅ ቀደማት፤ ከሳቁ ቀጥላ ደግሞ ዓይንዋን ጠረገች።

«ታውቃላችሁ፣ የመጀመሪያው ጥናቴ እንዲህ አልነበረም። ከሦስት እጁ ሁለቱን እናመላልስ፣ አንዱን አጥርተን እንልቀቅ ነበር የሚለው። መብራቱን ሙልጭ አድርጋ የምትበላው ያች የመጨረሻዋ እጅ ናት፤ ‹ጠብ አይልም› ለማለት የምትጠራው። እርስዋን ብንለቃት ሞተሩ ግማሽ ሥራውን ያርፋል፤ ውኃውም አይወፍርም። ግን ለማን ልልቀቀው? ተጠቃሚ የለም ተባልሁ። ለወንዙ እንዳልለቅ ደግሞ እናንተ ከልክላችኋል።»

«አሁንስ?» አለ አብዱልሃዲ።

«አሁን ለማሳ ብቻ እንጂ ወንዙ እንዳይደርስ አድርጌ ልለቀው እችላለሁ። ከማጥሪያው ኩሬ ያስመረመርሁት ውኃ ለሽንኩርት ደኅና መሆኑ በጽሑፍ አለኝ። ግን እኔም የአለቃ ሰው ነኝ። ‹የለም› የሚል ወረቀት ይዤ ልልቅ አልችልም። ‹አለን› የሚል ዝርዝር አምጡልኝ፤ ስምና ፊርማ።»

ይህንን ብላ ከራሱ ከፋብሪካው የወጣ ወፍራም፣ አመድማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ብዕርም አኖረችበት። ብዕሩን ማንም አላነሣም።

የፈራነው ነጋዴውን ነበር። ይህ ዝርዝር ካራቆሬ ቢሰማ ሽንኩርታችን «የካርቶን ሽንኩርት» ተብሎ ስም ይወጣለታል፤ ስሙም ከላይ ከተጻፈው ሰው ጋር ይኖራል።

«መሪጌታ ይቅደሙ፤ ሊቅ ነዎት፤» አለኝ አብዱልሃዲ።

«አይገባም። የውኃ አባት አንቱ ነዎት።»

«ዕድሜ ይቀድማል።»

«በዕድሜ በሁለት ክረምት የሚበልጡኝ አንቱ ነዎት።»

«ክረምቱን ማን ቆጠረው?»

«ባሕረ ሐሳብ።»

«ባሕረ ሐሳብ እኔን ምን ያውቀኛል?»

ዙልፋ ብዕሩን አነሣች። «ሽንኩርቴ እየሞተ ስሜን ለማን ነው የማስቀምጠው?» ብላ በጎልማሶች ትምህርት የለመደችውን ፊደል አንድ በአንድ አቁማ ጻፈችው። አብዱልሃዲ አፍሮ ሁለተኛ ፈረመ። ብዕሩን ወደ እኔ ሲዘረጋ ግን እጄን ሰብስቤ፣ «እኔ ኋለኛ ልሁን፤ ወንድሞቼ ይቅደሙኝ። ኋለኞች ፊተኞች፣ ፊተኞችም ኋለኞች ይሆናሉ ተብሏልና» አልሁ። ሁለቱም በትሕትናዬ ተነኩ። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። ማኅተም የሚመታው ከዝርዝር ግርጌ ነው፤ የማኅተም ቀለም ደግሞ የመጨረሻውን ስም ይሸፍነዋል።

ዝርዝሩ በሁለት ቀን አርባ አንድ ስም ሞላ፤ እኔም አርባ ሁለተኛ ሆኜ በትንሽ ፊደል ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ውኃው መጣ። እንደ አሬራ ቀጠን ያለ፣ ጠረን የሌለው ነበር። በዚያው ሰዓት ከገደሉ በታች ፓምፑ እምምታውን ትቶ ያጓራ ጀመር፤ ሞተሮቹ ግማሹን አርፈው መብራቱ ጉልበቱ ተመልሶ ነበርና። ነገር ግን ፓምፑ የሚደርሰው ለታችኞቹ ጥቂት ማሳዎች ነው፤ የእኔ ከላይ ነው፤ የላዩ ጌታ ቦዩ ነው።

አብዱልሃዲ ከቦዩ ራስ ላይ ቆመ። በእጁ የያዘው የዝርዝሩን ግልባጭ ነበር።

«ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ቦይ ሲጠረግ አካፋ ያነሣ ማንም የለም፤ ቦዩ ደርቆ ነበርና የሚጠረግም አልነበረውም። ይህን ቦይ የከፈተው ብዕር ነው። እንግዲህ ሕጋችን ያው ነው። ቀድሞ ያነሣ ቀድሞ ያጠጣል።»

እኔ ወደ እርሱ ተጠጋሁ። «አብዱልሃዲ፣ የእኔን ቃል ያስታውሱ፤ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ።»

«መሪጌታ፣ ያ በሰማይ ነው። ይኸ ቦይ ነው።»

በቀን አራት ማሳ ብቻ ነው የሚደርሰው። የእያንዳንዱ ተራ የሚለካው እንደ ልማዳችን በጥላ ነው፤ ሰው በገዛ እግሩ የገዛ ጥላውን እየለካ፣ ይህን ያህል ጫማ ሲሆን ቦዩ ይዛወራል። በአካባቢው ደግሞ የየወሩን የጥላ ስፍር በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። ስለዚህ ዐሥር ቀን ሙሉ፣ ሌላው ሰው ሲያጠጣ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ የራሴን ጥላ ስለካ ሰነበትሁ። «መሪጌታ፣ ሞላ?» ይሉኛል። «ሁለት ጫማ ይቀራል» እላለሁ። አንድም ቀን አላሳጠርሁባቸውም፤ ይህን ብቻ ለራሴ እመሰክራለሁ። የራሴ ሽንኩርት ከትከሻዬ በስተኋላ ቅጠሉን እያስተኛ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ውኃው ማሳዬ ገባ። ቅጠሉ ጥቂት ተነሣ፤ ራሱ ግን በቋጠረበት መጠን ቀረ።

የፈራነው ነጋዴ በመጋቢት መጣ። ወሬውን አስቀድሞ ሰምቶ ነበር። «የካርቶን ሽንኩርት የሚባለው የትኛው ነው?» ብሎ እየሳቀ ጠየቀ። ዙልፋም ሳትሸሽግ «የኔ» አለችው። አንዱን ሰንጥቆ አሸተተ፤ በመዳፉ መዘነ፤ ከዚያ ማሳዋን በሙሉ ጫነው። በማግሥቱም ለሌሎቹ ተመለሰ።

የፋብሪካው ሰሌዳ እስከ ዛሬ አልወረደም። የተመረቀ ነገር እንዴት ይወርዳል? «ጠብ የማይል ፋብሪካ» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ውኃው እየተንሿሿ ያልፋል። ብራናዬን ሜሮን ሰጠችኝና ያችን ቃል ፍቄ መለስሁላት፤ የተፋቀው ስፍራ ነጥቶ ይታያል። እንግዶች ሲጠይቁ «ብል በልቶት ነው» ትላለች አሉ። እኔን ለማክበር ብላ ነው።

እኔ ሽንኩርቴን የነቀልሁት ብቻዬን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ነበር። ቢሆንም ዙልፋ በቦዩ ዳር ስታልፍ አየችኝ። ቆማ፣ በኩንታሉ ጠርዝ ላይ ከተከመሩት ትንንሾች አንዱን አንሥታ በጣትዋ መካከል አሽከረከረችው።

«መሪጌታ፣ ዘንድሮ የዘሩት ነጭ ሽንኩርት ነው እንዴ?» አለች። «ደግ አደረጉ። ለሳልዎ ይሆናል።»